ዕጣ፣ ቁማርና የሕዝብ ድምፅ

በአንድ አገር ቁማር ይፈቀድ ወይስ ይከልከል የሚለው ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ብዙ ሰው የሚመለከተው የነገሩን ደግነት ወይም ክፋት ብቻ ነው። ነገር ግን ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው?» የሚለው ነው። መንግሥት በዐዋጅ ይፈቅዳልን? የሕዝብ እንደራሴዎች በምክር ቤት ይቈርጣሉን? ወይስ ሕዝቡ ራሱ ወደ ድምፅ መስጫው ሄዶ «ይሁን» ወይም «አይሁን» ይላል? በዚህ ጽሑፍ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ በታሪክ በኩል ለመመርመር አስበናል።

ለምርመራችንም ሁለት አገሮችን እናነጻጽራለን። አንደኛዋ የራሳችን አገር ኢትዮጵያ ስትሆን፣ ሁለተኛዋ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ምዕራብ የምትገኘው የሰሜን ማሪያና ደሴቶች ግዛት ናት። ታላቂቱንና ጥንታዊቱን አገር ከጥቂት ደሴቶች ጋር ማነጻጸር ለአንዳንድ አንባቢያን እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በትንሽ ድስት የተጣደ ቶሎ እንደሚፈላ ሁሉ፣ በትንሽ አገር የተደረገ ውሳኔም ውጤቱ ፈጥኖ ይታያል። በእኛ ዘንድ ገና በመፈተን ላይ ያለው ነገር በእነርሱ ዘንድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተፈጽሞ ታይቷል።

ዕጣ በአባቶቻችን ዘንድ

እኛ የምንኖርበት የቀወትና የይፋት ቆላ ከጥንት ጀምሮ የሁለት ሃይማኖቶች መገናኛ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት የተነሣው የይፋት ሱልጣኔት፣ በ14ኛው መቶ ዓመት ከዐፄ ዐምደ ጽዮን ጋር ያደረገው ጦርነት፣ ከዚያም የሐረር ሲራራ ነጋዴዎች በአልዩ አምባ ገበያ ከሸዋ ሰዎች ጋር ይገበያዩበት የነበረው ዘመን፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን የኖሩበትን ረጅም ታሪክ ይነግረናል። እነዚህ ሁለት ወገኖች በብዙ ነገር ሊለያዩ ቢችሉም በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ ቁማርን ሁለቱም ያወግዛሉ። ቁርኣን በአል-ማኢዳ ምዕራፍ ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር አንድ ላይ ይከለክላል። የሐዋርያት ቀኖናም በቁማር የሚጫወት ጳጳስ ወይም ካህን ከሹመቱ እንዲሻር ያዝዛል። ቁማር የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛው «ቂማር» ጋር አንድ ነው።

ይሁን እንጂ እነዚሁ ሁለት ወገኖች ዕጣን አይነቅፉም። በበዓል ቀን በሬ ታርዶ ቅርጫ ሲገባ መደቡ ከተስተካከለ በኋላ ማን የቱን ይውሰድ የሚለውን የሚለየው ዕጣ ነው። ዕቁብተኞች በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚያዋጡትን ገንዘብ ማን አስቀድሞ ይውሰድ የሚለውን የሚያውቁት በዕጣ ነው። ርስት ሲከፈል፣ በኋላም የገበሬ ማኅበራት መሬት ሲደለድሉ፣ በብዙ ቦታ ዕጣ ተጥሏል። በቅዱስ መጽሐፍም የከነዓን ምድር ለነገደ እስራኤል የተከፈለው በዕጣ ነው፤ ሐዋርያትም በይሁዳ ስፍራ ማትያስን የመረጡት በዕጣ ነው። በእስልምናም ሕግ ለድልድል የሚጣለው ዕጣ ከቁማር ተለይቶ የተፈቀደ ነው።

እንግዲህ የዕጣና የቁማር ልዩነቱ ምንድን ነው? በቅርጫ ዕጣ ባዶ እጁን የሚመለስ የለም፤ ገንዘብ የከፈለ ሁሉ ሥጋውን ይወስዳል። በዕቁብም ዕጣው የሚወስነው ተራን እንጂ ድርሻን አይደለም፤ መጀመሪያ የደረሰውና መጨረሻ የደረሰው እኩል ይወስዳሉ። ዕጣ የሚያገለግለው አድልዎን ለማራቅ ነው። በቁማር ግን አንዱ የሚያገኘው ሌላው ያጣውን ነው፤ የብዙዎች መክሰር ለአንዱ ማትረፍ ምክንያት ይሆናል። የጌታን ልብስ ለመውሰድ ወታደሮች የጣሉትና ማትያስን ለመምረጥ ሐዋርያት የጣሉት ሁለቱም ዕጣ ይባላሉ፤ ነገር ግን አንዱ ለመግፈፍ፣ ሌላው ለመሾም እንደ ነበረ ማንም ይለየዋል።

ውርርድ በችሎት ፊት

ከዕጣ ሌላ በአገራችን ውርርድ የሚባል ልማድ ነበር። በጥንቱ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ የቃላቸውን እውነትነት ለማጽናት በዳኛ ፊት በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዱ ነበር። የተረታው ወገን ይህን ይከፍላል፤ ከዚህም የሚገኘው ገቢ ለዳኞች ይሆን ነበር። በዚህ ልማድ ውርርድ ሁለት መልክ እንደ ነበረው እናስተውላለን። በአንድ በኩል ተሟጋቹ ያለ በቂ ምክንያት ነገር እንዳይጀምር ይገታዋል። በሌላ በኩል ግን ዳኛው ከሙግት ብዛት የሚጠቀም ስለ ሆነ፣ ሙግት እንዲያንስ ከልቡ ላይመኝ ይችላል።

ይህን ሁለተኛውን ነገር አንባቢያን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። ጠባቂ የሆነ ሰው ከሚጠብቀው ነገር ጥፋት ገቢ የሚያገኝ ከሆነ ጥበቃው ይላላል። ወደ ፊት ስለ ደሴቶቹ በምንናገረው ታሪክ ውስጥ ይህ ነገር ደጋግሞ ይመጣል።

የብሔራዊ ሎተሪ መቋቋም

በአገራችን ሎተሪ በመንግሥት ሥራነት የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 183 ነው። በዚያ ዘመን በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይሠራ ነበር። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችም በየአራት ዓመቱ በሕዝብ ይመረጡ ነበር። ነገር ግን የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ አንድን ጉዳይ ለይቶ ለሕዝብ አቅርቦ ድምፅ ማሰጠትም ገና አልታወቀም። ስለዚህ ሎተሪ ይሁን ወይስ አይሁን ተብሎ የቀወት ገበሬም ሆነ የአዲስ አበባ ነጋዴ አልተጠየቀም።

ሎተሪውም ከሦስት መንግሥታት መለዋወጥ ጋር ኖሯል። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አቋቋመው፤ በ1967 ዓ.ም. ሥልጣን የያዘው ደርግ ሶሻሊዝምን ቢያውጅም ሎተሪውን አላስቀረውም፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመጣውም መንግሥት በ1999 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 535 እንደገና አቋቁሞታል። በብዙ ነገር የማይስማሙት መንግሥታት በዚህ አንድ ነገር መስማማታቸው የሚያስደንቅ አይደለም። የሎተሪ ገንዘብ ያለ ግብር ሰብሳቢ በፈቃድ የሚመጣ ገንዘብ ነውና። ቲኬቱን የሚገዛው ሰው ግብር የከፈለ አይመስለውም፤ ዕድሉን የሞከረ ይመስለዋል።

ሕዝቡም ከሎተሪ ጋር ተላምዷል። የእንቁጣጣሽና የገና ሎተሪ፣ ቶምቦላው፣ ተፍቆ የሚታየው ፈጣን ሎተሪ በየከተማው የታወቁ ናቸው። ሎተሪ አዟሪነትም ሌላ ሥራ ያላገኙ ብዙ ሰዎች፣ ይልቁንም አካለ ስንኩላንና ወጣቶች፣ እንጀራ የሚበሉበት ሥራ ሆኗል። ይህን ጥቅም መካድ አይገባም። ነገር ግን ሎተሪው «ዕጣ» የሚለውን የከበረ ስም ወስዶ «ዕጣው ወጣ» እየተባለ ሲነገርለት፣ በቅርጫና በዕቁብ የምናውቀው ዕጣ አለመሆኑን መርሳት የለብንም።

በ2010ዎቹ ዓመታት ደግሞ ከሎተሪው የተለየ ነገር መጣ። ፈቃድ የተሰጣቸው የግል ድርጅቶች የእግር ኳስ ውርርድ ቤቶችን በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ከፈቱ፤ ቀጥሎም ውርርዱ በእጅ ስልክ ሆነ። ቆይቶም የአዲስ አበባ አስተዳደር ውርርድ ቤቶችን የመዝጋት እርምጃ ወሰደ። ተከፈቱ በተባለ ጊዜም ሆነ ተዘጉ በተባለ ጊዜ ሕዝብ ድምፅ አልሰጠም። አገራችን በ1979 ዓ.ም. ስለ ሕገ መንግሥት፣ በ2012 ዓ.ም. ስለ ሲዳማ ክልልነት፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ ስለ ተቋቋሙት አዳዲስ ክልሎች ሕዝበ ውሳኔ አድርጋለች። ስለ ቁማር ግን ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ አያውቅም።

የደሴቶቹ ታሪክ በአጭሩ

አሁን ወደ ሁለተኛይቱ አገር እንሻገር። የሰሜን ማሪያና ደሴቶች ቍጥራቸው 14 ሲሆን፣ ሕዝብ በብዛት የሚኖርባቸው ሳይፓን፣ ቲኒያንና ሮታ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቈጠራ የሕዝቡ ቍጥር 47,329 ነበር። ነባሮቹ ነዋሪዎች ቻሞሮዎችና ካሮሊናውያን ይባላሉ። እነዚህ ሰዎች በአራት መንግሥታት እጅ አልፈዋል። መጀመሪያ እስጳንያ ገዛቻቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ለጀርመን ሸጠቻቸው፤ በ1914 ጃፓን ያዘቻቸው፤ በ1944 ደግሞ ከብርቱ ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ሠራዊት ወሰዳቸው። ሂሮሺማንና ናጋሳኪን ያጠፉትን የአቶሚክ ቦምቦች የጫኑት አውሮፕላኖች የተነሡት ከቲኒያን ነው።

በዚህ ሁሉ መለዋወጥ ውስጥ የደሴቶቹን ሰዎች «ምን ትወዳላችሁ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሕዝቡ ስለ ዕድሉ በታላቅ ጉዳይ ድምፅ የሰጠው እ.ኤ.አ. ሰኔ 17 ቀን 1975 ሲሆን፣ ከመቶ 78.8 የሚሆነው ከአሜሪካ ጋር በቃል ኪዳን መተባበርን መረጠ። በ1978 የራሳቸው ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ዋለ። ስለዚህ ድምፅ መስጠት ለእነርሱ ብዙ ከተጠበቀ በኋላ የተገኘ ክብር እንጂ ተራ ነገር አልነበረም።

ይህም በሆነ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የቁማር ጉዳይ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1979 ሕዝቡ የቁማር ቤትን ነገር በድምፁ ጣለ። በ1985 በተደረገው ሁለተኛ የሕገ መንግሥት ጉባኤም ቁማርን የሚከለክል አንቀጽ ተጨመረ። ነገር ግን አንቀጹ ሁለት በሮች ነበሩት። በግዛቲቱ ሕግ የተፈቀደ ከሆነ፣ ወይም የግዛቲቱ ሁሉ ወይም የአንድ ደሴት ሕዝብ በራሱ አነሣሽነት በድምፅ የፈቀደው ከሆነ ክልከላው ይነሣል። በአንዱ በር የሚገቡት እንደራሴዎች ናቸው፤ በሌላው በር ሕዝቡ ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ታሪክ ሁሉ የእነዚህ ሁለት በሮች ታሪክ ነው።

ቲኒያን «ይሁን» ያለችበት

የቲኒያን ደሴት ሕዝብ ጥቂት ነው፤ በ2020 ቈጠራ ወደ 2,000 ገደማ ነበር። እርሻና ከብት እንጂ ብዙ ሥራ የለባትም። እ.ኤ.አ. በ1989 ሕዝቧ በሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ በር ገብቶ የቁማር ቤት እንዲፈቀድ ድምፁን ሰጠ። ተስፋውም ሥራ ይገኛል፣ መንገድ ይሠራል፣ ልጆቻችን ወደ ሌላ አገር አይሰደዱም የሚል ነበር። ይህ ተስፋ የሚናቅ አይደለም፤ የተማረ ልጁ ከአገሩ ወጥቶ ሲቀር ያየ ማንኛውም ወላጅ ይረዳዋል።

ታላቁ ሆቴልና የቁማር ቤት የተከፈተው ድምፁ ከተሰጠ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1998 ነው። ከ400 በላይ መኝታ ክፍሎች ነበሩት። ነገር ግን ቁማርተኞቹ የሚመጡት ከባሕር ማዶ ስለ ሆነ ኑሮው በመርከብና በአውሮፕላን ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በ2015 የአሜሪካ የገንዘብ ወንጀል ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ድርጅቱ ሕገ ወጥ ገንዘብን የመከላከል ግዴታውን አልፈጸመም ብሎ 75 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው፤ ከዚያም በኋላ ቤቱ ተዘጋ። ቲኒያን በራሷ ድምፅ የፈቀደችው ነገር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደ ተባለው ሆነባት።

ሳይፓን «አይሁን» ብላ ያልተሰማችበት

የሳይፓን ታሪክ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የሳይፓን መራጮች ከ1979 በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 የቁማር ቤት ጉዳይ እንደገና ቀርቦላቸው እንደገና እምቢ አሉ። ይህንም ያደረጉት በችግር ጊዜ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ብዙ ሠራተኛ ይዘው የነበሩት የልብስ ፋብሪካዎች እየተዘጉ ነበር፤ የመጨረሻውም በ2009 ተዘጋ። ከጃፓን ጎብኚዎችን ያመላልስ የነበረው ዋና አየር መንገድም በ2005 በረራውን አቁሞ ነበር። በ2000 69,221 የነበረው የግዛቲቱ ሕዝብ በ20 ዓመት ውስጥ ከ20,000 በላይ ቀነሰ።

ከሁሉ የከፋው የጡረታው ነገር ነበር። መንግሥት ማስገባት የሚገባውን መዋጮ ለብዙ ጊዜ ባለማስገባቱ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ መዝገብ በ2012 መክሰሩን ለፍርድ ቤት አመለከተ። በ2013 በተደረገው ስምምነትም ጡረተኞቹ ከሚገባቸው ከመቶ 75 ብቻ እንዲከፈላቸው ተወሰነ። እኛ በመንግሥት ሥራ የምንኖር ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ሌላ ሰው እንዲነግረን አያሻንም። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ አስተማሪ ወይም ጸሐፊ በእርጅናው ወራት ከደመወዙ ሩቡን ሲያጣ፣ ያን ሩብ የሚመልስለትን ሁሉ እንደ አዳኝ ቢመለከተው አይፈረድበትም።

እንግዲህ እንደራሴዎቹ በ2014 መጋቢት ወር በአንደኛው በር ገቡ። ሕዝቡ ድምፅ ሳይጠየቅ የቁማር ቤት በሳይፓን እንዲፈቀድ ሕግ አወጡ፤ ምክንያታቸውም ከፈቃድ ክፍያው የጡረተኞቹ ሩብ ይመለሳል የሚል ነበር። ፈቃዱ ለአንድ ድርጅት ብቻ ተሰጠ፤ ድርጅቱም በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በጋራፓን ከተማ መካከል እንደ ቤተ መንግሥት ያለ ታላቅ ሕንፃ ተጀመረ፤ ሳይጠናቀቅም በ2017 ተከፈተ። በዚያው ዓመት በግንባታው ላይ አንድ ሠራተኛ ሞተ፤ ያለ ሥራ ፈቃድ የመጡ የቻይና ሠራተኞች ጉዳይም በአሜሪካ መርማሪዎች እጅ ገባ። በ2018 ጥቅምት ታላቅ ማዕበል ደሴቶቹን መታ፤ በ2020 መጋቢት ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የቁማር ቤቱ ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህም አልተከፈተም። በ2021 ፈቃዱ ታገደ፤ በ2024 ድርጅቱ መክሰሩን አስታወቀ። የጡረተኞቹን ሩብ ይሸከማል ተብሎ የታመነው ምሰሶ ራሱ ወደቀ።

ይህ ነገር በሳይፓን ብቻ የደረሰ አይደለም። የባሃማስ ሕዝብ እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 2013 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ የቁማር ሱቆች ሕጋዊ እንዳይሆኑና ብሔራዊ ሎተሪ እንዳይቋቋም በብዙ ድምፅ ቢወስንም፣ በሚቀጥለው ዓመት ምክር ቤቱ የቁማር ሱቆቹን የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። የሳይፓን ጎረቤት የሆነችው የጓም ሕዝብም የቁማር ቤት ሐሳብ ከአንድ ጊዜ በላይ ቀርቦለት በየጊዜው ጥሎታል። ከዚህ እንደምንረዳው፣ «ይሁን» የሚለው መልስ አንድ ጊዜ ከተገኘ ይበቃል፤ «አይሁን» የሚለው ግን በየጥቂት ዓመቱ እንደገና ይጠየቃል።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት

አንዳንድ ሰዎች ይህን ታሪክ አይተው «እንግዲያውስ ድምፅ መስጠት ምን ይረባል? ቲኒያን ፈቅዳ ከሰረች፤ ሳይፓን ከልክላ አልተሰማችም» ይሉ ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አናስብም። የቲኒያን ሕዝብ ቢሳሳት እንኳ በራሱ ፈቃድ ነውና ከስሕተቱ ለመመለስም ሥልጣኑ በእጁ ነው። የሳይፓን ጡረተኛ ግን ያልፈቀደው ነገር ያስከተለውን ጉዳት ተሸከመ። በድምፁ የወሰነ ሕዝብ ይማራል፤ ሳይጠየቅ የተወሰነበት ሕዝብ ያማርራል።

ይሁንና ድምፅ ብቻውን አይበቃም። ድምፁ ዕውቀት ያለበት ድምፅ እንዲሆን ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው ሒሳቡን በግልጽ ማሳየት ነው። ለምሳሌ አንድ ሚሊዮን ቲኬት ከሚሸጥበት ሎተሪ አንድ ሰው በየሳምንቱ አንድ ቲኬት ቢገዛ፣ አንደኛውን ዕጣ ለማግኘት በአማካይ ከ19,000 ዓመት በላይ መጠበቅ ይኖርበታል። ይህን ስሌት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አንድ ሚሊዮንን ለ52 በማካፈል ሊያገኘው ይችላል። መምህራን ሒሳብ ሲያስተምሩ ይህን የመሰለ ጥያቄ ቢጨምሩበት ከብዙ ምክር ይበልጥ ይጠቅማል እንላለን።

ሁለተኛው፣ ገቢው ብቻ ሳይሆን ወጪውም እንዲቈጠር ነው። ወደ ግምጃ ቤት የገባው ገንዘብ በመዝገብ ይጻፋል። ነገር ግን በይፋት ቆላ ሽንኩርቱንና ማሾውን ሸጦ የተመለሰ ወጣት በአንድ ምሽት በስልኩ ላይ ያጣው ገንዘብ፣ ሳይገዛ የቀረው ዘር፣ ሳይከፈል የቀረው ዕቁብ በማንም መዝገብ አይጻፍም። ገቢው ተጽፎ ኪሳራው ካልተጻፈ ሒሳቡ ሁልጊዜ ትርፍ ያሳያል። ከሙግት ብዛት ይጠቀም የነበረውን የጥንቱን ዳኛ እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል፤ ከቁማር ገቢ የሚያገኝ መሥሪያ ቤት ቁማርን የሚቈጣጠርም እርሱው ከሆነ፣ ሁለቱን ሥራ በእኩል መፈጸም ይከብደዋል። ስለዚህ ገቢ ሰብሳቢውና ተቈጣጣሪው ቢለያዩ ይበጃል።

አገራችን ሰፊ ናትና ስለ እያንዳንዱ ፈቃድ ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ አንልም። ነገር ግን በአንድ ከተማ የውርርድ ቤት ከመከፈቱ በፊት የከተማው ሕዝብ በቀበሌው ተሰብስቦ ቢመክር፣ ቃሉም ቢከበር፣ ይህ ለእኛ እንግዳ ሥርዐት አይሆንም። ቅርጫ የሚገቡ ሰዎች እንኳ በሬው ከመታረዱ በፊት ዋጋውንና መደቡን ተስማምተው ነው ዕጣ የሚጥሉት። ስምምነቱ ይቀድማል፤ ዕጣው ይከተላል። አባቶቻችን ዕጣን ከነቀፋ አድነው ያቈዩት በዚህ ሥርዐት ነውና፣ እኛም ስለ ሎተሪና ስለ ውርርድ በምንመክርበት ጊዜ ይህንኑ ሥርዐት ብንይዝ፣ የሚገኘው ገቢ ቢያንስ እንኳ የሚጸጽት አይሆንም።